አስቸኳይ፦ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዬ ሙቁና ቀዝቃዛው ተገላብጦብኛል (ጅማ)

ቆጪ ሰፈር፦ በናታችሁ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። ትናንት የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ አስቀየርኩ። ዛሬ ወደ ቀይ ሲዞር ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ ሲዞር የፈላ ውሃ ነው የሚመጣው። እናቴ ከአጋሮ መጥታ፣ ለውዱእ ቀዝቃዛ ነው ብላ ስትከፍት እጇን ለበለባት። ደግነቱ አልላጠም። የሠራልኝ ሰውዬ ስልክ አያነሳም። ከመግሪብ በፊት ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ? ቤት ያለው የእንግሊዝ ቁልፍ ብቻ ነው።

ቡና ይፈላ፦ ስልክ ካላነሳማ ትክክለኛ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ አትጠራጠር። ሃሃሃ

ፍሌክሲብል፦ ከሥር ያሉትን ሁለቱን ፍሌክሲብሎች (ውሃውን ወደ ቧንቧው የሚያደርሱትን ተጣጣፊ ቱቦዎች) አቀያይራቸው። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ «የፈላ ውሃ» አትበል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቤት ቦይለር ደግሞ እዚያ አይደርስም፣ የብዙዎቹ ቴርሞስታት ከ75 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። ይህ ማለት ግን አያቃጥልም ማለት አይደለም። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ ከቧንቧው በፊት የቦይለሩን ሙቀት ቀንሰው። ሕፃንና ትልቅ ሰው ባለበት ቤት 50 አካባቢ ይበቃል።

ቆጪ ሰፈር፦ ሴት ነኝ መምህር። እናቴም ዲግሪውን ሳትለካ ነው የጮኸችው። ግን እሺ፣ አሁኑኑ እቀንሰዋለሁ።

እኔ ለምጄዋለሁ፦ ይሄ ምኑ ነው ችግሩ? እኛ ቤት ቀኙ ሙቅ ነው፣ ልጆቹም ያውቁታል። እጀታው ላይ ያለችውን ቀይና ሰማያዊ ምልክት በጥፍርሽ ነቅለሽ ገልብጠሽ መልሻት። ወጪ የለው፣ ቁልፍ አያስፈልገው።

ቡና ይፈላ፦ እንግዳ ሲመጣስ በር ላይ ቆመሽ ልታስረጂ ነው?

ፓይፕ ሬንች፦ ሥራዬ ሳኒተሪ ነው። ዝም ብላችሁ ከማዘዝ ጠይቋት እንጂ። ባለ አንድ እጀታ ነው ወይስ ባለ ሁለት? ሻወሩና ኩሽናውስ እንዴት ናቸው? የድሮው ቧንቧ ላይ ሙቁ በየት በኩል ነበር?

ቆጪ ሰፈር፦ ባለ አንድ እጀታ ነው። ሻወሩ ደህና ነው፣ ኩሽና ሙቅ የለንም። የድሮው ባለ ሁለት እጀታ ነበር፣ ቀለሙ ተፍቆ ስለነበር ልብ ብለን አናውቅም።

ካርትሪጅ፦ ባለ አንድ እጀታ ከሆነማ ቀላል ነው። እጀታውን ንቀይ፣ ውስጡ ያለውን ካርትሪጅ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለውን ዕቃ) ግማሽ ዙር አዙረሽ መልሺው።

ፓይፕ ሬንች፦ ተው ወንድሜ፣ አታሳስታት። እዚህ በብዛት የሚሸጠው ካርትሪጅ ሥሩ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሙቅ፣ ቀዝቃዛና መውጫ። ስታዞረው መውጫው ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ያፈሳል። ደግሞ እንዳይዞር የምትይዘው ጥርስ አለችው። የሚዞር ዓይነትም አለ፣ የሷ መሆኑን ግን በምን አወቅህ?

እህቴ፣ ስሚኝ። ሻወሩ ደህና ከሆነ የቦይለሩን መስመር አትንኪ፣ ችግሩ እዚያው ሲንኩ ሥር ነው። ሙቅ ውሃውን ትንሽ አፍስሺና ከግድግዳው የወጡትን ሁለቱን አንግል ቫልቮች (የውሃ መዝጊያዎቹን) በእጅሽ ጀርባ ንኪ። ደንቡ ሙቁ በግራ ነው። ግራው ከሞቀ ሠራተኛው ፍሌክሲብሎቹን አምታቷል። ቀኙ ከሞቀ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ድሮም የተገለበጠ ነው፣ ሰውዬውን በከንቱ አትርገሚው። በሁለቱም መንገድ መፍትሔው አንድ ነው።

የቦይለሩን ብሬከር አጥፊ። ሁለቱንም አንግል ቫልቮች ዝጊ። ከላይ ቧንቧውን ከፍተሽ ግፊቱን አውጪ፣ ሥሩ ባልዲ አድርጊ። ከዚያ ፍሌክሲብሎቹን ከቫልቮቹ በኩል ብቻ ፍቺ፣ ቧንቧው ላይ የታሰሩበትን አትንኪ። አቀያይረሽ እሰሪ። ጫፉ ውስጥ ጎሚኒ ስላለ ቴፍሎን አያስፈልገውም። መጀመሪያ በእጅ አጥብቂ፣ በቁልፍ ሩብ ዙር ጨምሪ። ከዚያ በላይ ካጠበቅሽ ጎሚኒው ይቆረጣል። ሁለቱ ቢጣመሩም ችግር የለውም፣ ብቻ እንዳይታጠፉ።

ፍሌክሲብል፦ እኔስ ምን አልኩ? ፍሌክሲብሎቹን አቀያይራቸው።

ሻታፍ ያስለቀሰኝ፦ ለሠራተኛው ጥብቅና መቆሜ አይደለም፣ ግን እኛ ቤት ማንም ቧንቧ ሳይነካ ቀዝቃዛው ሙቅ መሆን ጀምሮ ነበር። የሻታፉን (የመጸዳጃ ቤት የእጅ መርጫውን) ሚክሰር ሳይዘጉ ጫፉን ብቻ ይዘጉታል፣ በውስጡ ሙቁ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይሻገራል። መፈተኛው ይሄ ነው፦ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ዝጊና ሙቁን ክፈቺ። ትንሽ ቆይቶም መፍሰሱን ካላቆመ የሆነ ቦታ መሻገሪያ አለ።

ፓይፕ ሬንች፦ እውነት ነው፣ ብዙ ቤት አጋጥሞኛል። የሷ ግን በቀይም በኩል ቀዝቃዛ ነው የሚመጣው፣ ያ ንጹሕ መገልበጥ ነው።

ቆጪ ሰፈር፦ ነካሁት፣ የሞቀው ቀኙ ነው። ግን የግራው ቫልቭ እስከ መጨረሻ ዘግቼውም ይንጠባጠባል። ልፍታው?

እኔ ለምጄዋለሁ፦ ምልክቷን ገልብጪ ብዬሽ ነበር።

ፓይፕ ሬንች፦ እንዲሁ አትፍቺው። ከሮቶው የሚወርደውን ጌት ቫልቭ ዝጊ፣ የመንግሥት ውሃ በቀጥታ ከገባም ቆጣሪው ጋ ያለውን ዝጊ። ቧንቧው መፍሰስ ሲያቆም ፍቺ። ያንን አንግል ቫልቭ ለሌላ ቀን ቀይሪው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ የሳኒተሪ ሱቆች ጋ የግማሽ ኢንች በይ። ዛሬውኑ መግዛት ከፈለግሽም፣ አርብ ስለሆነ ለጁምዓ የዘጉ ካሉ ከሰዓት ይከፍታሉ።

ቡና ይፈላ፦ ጅማ ውስጥ ውሃ መዝጋት ምን ያስቸግራል? ትንሽ ብትጠብቂ ራሱ ይሄዳል።

ጡረተኛው መምህር፦ ሮቶ አላት ተባለ እኮ። የላይኛውን ጽሑፍ አንብቡ።

ፍሌክሲብል፦ አቀያየርሽው?

ሄርማታ፦ ይቅርታ፣ በሷ ጥያቄ ላይ መደረቤ ነው። የኛ ቦይለር አዲስ ነው፣ ትንሽ ሙቅ ይሰጥና ወዲያው ለብ ይላል። ይሄስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ፓይፕ ሬንች፦ ይገናኛል። ቦይለሩ ሥር ሁለት ባለ ቀለም ቀለበት አለ። ሰማያዊው የቀዝቃዛው መግቢያ ነው፣ ሴፍቲ ቫልቩም (ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው) እዚያ ነው መታሰር ያለበት። ቀዩ የሙቁ መውጫ ነው። ከተገለባበጠ ቀዝቃዛው ከላይ ይገባና አንተ ከታች ለብ ያለውን ትቀዳለህ። ብሬከሩን አጥፍተህ የሥሩን ፎቶ ላክልኝ።