አልፋው ማይነስ ወጣብኝ፣ ነገ ጠዋት አድቫይዘሬ ጋ ነኝ!!

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ። የሳይኮሎጂ ተማሪዎች ለባህላዊና አማራጭ ሕክምና ባላቸው አመለካከት ላይ ነው የምሠራው። መጠይቁን ሰብስቤ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ ሳስገባው ክሮንባክ አልፋው፣ ማለት ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር፣ ማይነስ 0.12! ነገ 3 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። እንደገና ልበትን እንዴ?

ጨዋታ አዋቂ፦ ለላፕቶፑ ዳማከሴ ጨምቅለት። እምቢ ካለ እንጦጦ ፀበል ይዘኸው ውጣ።

ማርታ ፒያሳ፦ በፀበል አይቀለድም።

ጋሼ፦ እናንተ ሁሉን ነገር በፎርም ትለካላችሁ። አክሊሉ ለማ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት አድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አይተው ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙበት። እዚያ አልፋ የሚባል አልነበረም።

ቁጥር ነጋሪ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ልጁ ግን ሌላ ነው የጠየቀው። ስማ፣ እንዳትበትን። አልፋ ማይነስ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተገለበጠ ጥያቄ ነው። «ባህላዊ ሕክምና ለኅብረተሰቡ ጤና ጠንቅ ነው» ዓይነት አለህ? እዚያ ላይ 5 የሞላ ተቃዋሚ ነው፤ «ይጠቅማል» ላይ 5 የሞላ ደግሞ ደጋፊ። እንዲሁ ስታስገባቸው ይጓተታሉ። ስለዚህ ተቃራኒውን ገልብጠው፦ ሜኑው ላይ ትራንስፎርም፣ ከዚያ ሪኮድ ኢንቱ ዲፈረንት ቫሪያብልስ። 1ን 5፣ 2ን 4 እያልክ። የድሮውን እንዳትነካው።

አራዳው፦ ሪኮድ አድርገው ብሮ።

ቁጥር ነጋሪ፦ አሁን ምን አልኩ?

ሄለን፦ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ወጌሻ፣ ኮሶ፣ ፀበል፣ አኩፓንቸር፣ ሁሉንም በአንድ ነጥብ ትደምራለህ? እጁ ቢወልቅ ዓይኑን ሳያሽ ወጌሻ ጋ የሚሮጥ ሰው፣ ስለ ድብርት ስትጠይቀው «አማኑኤል ሆስፒታል» ሊልህ ይችላል። ሌላው ደግሞ ፀበሉንም ክኒኑንም አብሮ ይወስዳል። ብትገለብጠውም አልፋው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለየዘርፉ ለብቻ አውጣው።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ የተገላቢጦሽ ጥያቄ አለ!! 3 ናቸው። ግን ስኬሉ እስከ 7 ነው። ያልሞሉትን ደግሞ 99 ብያቸዋለሁ።

ቁጥር ነጋሪ፦ ይሄን አሁን ነው የምትነግረን? እስከ 7 ከሆነ ከ8 ላይ ቀንስ፤ 1 7 ይሆናል፣ 2 6። ከዚያ በፊት ግን ቫሪያብል ቪው ገብተህ 99ን ሚሲንግ ብለህ አስመዝግብ። አለበለዚያ 99 ነጥብ ሰጡ ብሎ ነው የሚያሰላልህ።

ማርታ ፒያሳ፦ ስንት ወጣ ታዲያ?

ሄለን፦ ልጁ ጠፋ እኮ።