ከቡራዩ፦ ለፖሊስ እናመልክት ወይስ በሽማግሌ እንያዘው ለተባለው ጉዳይ

ውድ የሊድስ ማኅበራችን አባላት፣

ከሁለት ሳምንት በፊት የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም እዚያው ከእኛ ጋር እየኖረ በቀጥታ ሥርጭት ሰው በሰው ላይ እንዲነሣ የሚቀሰቅሰውን ግለሰብ ለፖሊስ እናመልክት ወይስ ሽማግሌ እንላክበት የሚለው፣ እስካሁን አልተቋጨም። በስብሰባው ላይ ዝም ያልኩት አቋም አጥቼ ሳይሆን በዚህ ነገር የራሴም እዳ ስላለብኝ ነበር። አሁን ቡራዩ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እጽፈዋለሁ።

የአክስቴን የቆርቆሮ በር ከውስጥ የሚይዝ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አለ። ያስበየደችው በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ከተገደለ በኋላ፣ በማግስቱ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፤ መደበኛው ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ፌስቡክ የነበረን እኛ በውጭ ያለነው ነበርን፤ ከሁሉም በላይ ያወራነውም እኛው ነን። እኔም «በከታ በኩል ቡድን ተደራጅቶ እየመጣ ነው» የሚል አንድ ገጽ ላይ ያየሁትን፣ ከየት እንደመጣ ሳላጣራ ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ለጎረቤት ነገረች፤ የሠፈሩ ልጆች ድንጋይ ደርድረው መንገዱን ዘጉ፤ ከአምቦ በኩል ጤፍ ጭኖ የመጣ አይሱዙ አስቁመውም ሾፌሩን ደበደቡት። የተባለው ቡድን አልመጣም። ሾፌሩ ተርፏል። አክስቴ የሰውየውን ጭንቅላት በነጠላዋ አስራ ሐኪም ቤት እንዳደረሰችው የነገረችኝ ግን ገና በዚህ ጉዞዬ ነው።

በዚያ ሰሞን የደረሰው ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል ባደረገው ምርመራ 123 ሰዎች መገደላቸውን፣ ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን አስፍሯል። ድንጋይ የወረወረ፣ ቤት ያቃጠለ በስሙ ሊጠየቅ ይገባል፤ በዚህ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የሚከብደው ከጀርባ ያለው ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግር በሰው ላይ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይደነግጋል፤ ሐሰተኛ መረጃን ሲተረጉምም ሐሰትነቱን የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረውንም ሰው ይጨምራል። ሁለተኛው ሐረግ እኔን ይመለከተኛል። እርግጥ አዋጁ የሚናገረው ስለ አደባባይ ስብሰባ፣ ስለ ብሮድካስት፣ ስለ ኅትመትና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ በመሆኑ የእኔ የስልክ ጥሪ በእነዚህ ውስጥ አይገባም፤ ይህ ግን ለጠበቃ እንጂ ለሾፌሩ የሚነገር ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ የወጣ አዋጅ ሊድስ የተቀመጠን ሰው እንዴት ይይዘዋል ለምትሉ፣ የምንኖርበት የእንግሊዝ ሕግም ቅስቀሳን ይቀጣልና የከተማችንን ፍርድ ቤት አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 በእንግሊዝ ሁከት ሲነሣ፣ ስደተኞች ያረፉበት የሊድስ ሆቴል እንዲጠቃ በፌስቡክ የቀሰቀሰ የ28 ዓመት ሰው፣ ሁከቱ ውስጥ በአካል ሳይገኝ 20 ወር ተፈርዶበታል። ከጽሑፉ እስከ ፍርዱ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ያን ቀን «እሰይ» ያላልን ከመካከላችን ማን አለ? የተሰደበውና የተዛተበት የእኛ ወገን ሲሆን ሕግ ይከበር ብለን፣ ዛቻው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲሆን ሽማግሌ እንላክ ማለት አይሆንልንም። ሽምግልና ለእድር ጠብ፣ ለባልና ሚስት ኩርፊያ ይሁን፤ የተዛተበት ሰው ቡራዩ ሆኖ ሽማግሌው ሊድስ ቡና ሲጠጣ ማን ይቅር ባይ ሆኖ ይቀርባል?

ስለዚህ አቋሜ እናመልክት ነው። ሰውየው ሥርጭቱን እንደጨረሰ ስለሚያጠፋው፣ ያገኘ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቅረጸው፤ ቀኑንና የገጹን አድራሻ ይያዝ። ቆርጣችሁ ያስቀራችሁት እንደሆነ «ንግግሬ ተቆርጦ ነው» ይላል፣ ተሰምቶለትም ይወጣል። ለትርጉሙም ከወዲሁ እናስብ፤ የእኛ ሰው ሲቀሰቅስ አብዛኛውን ጊዜ «ግደሉ» አይልም፣ ስለ አረም ነቀላና ስለ ቤት ጽዳት ነው የሚያወራው፤ ሰሙን ብቻ አስተርጉመን ወርቁን ካስቀረን ለእንግሊዙ መርማሪ የግብርና ትምህርት አቀረብንለት ማለት ነው። ማመልከቻው የሰውየውን ቃል እንጂ ብሔሩን፣ ቤተሰቡን ወይም ቤተ እምነቱን አይጥቀስ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከገባበት እኔ አልፈርምም።

ትናንት ማታ አክስቴ መቀርቀሪያውን እየገፋች፣ «ያኔ ያን ወሬ የጻፈውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ?» አለችኝ። አውቀዋለሁ። አሁን የምንነጋገርበት ሰው ነው፤ ባለፈው ገና ከአንድ መሶብ በልተናል። ይህን ለፖሊስም በቃሌ እሰጣለሁ፤ የራሴንም የስልክ ጥሪ ጨምሬ።