«ዕድሜ ጠገብ» እና «ዕድሜ ጠግባ»፦ ለአያቴ መቃብር ድንጋይ የትኛው ይሻላል?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሴት አያታችን ካረፈች ሙት ዓመቷ ተቃርቧል። ድንጋይ ቀራጩ ጽሑፉን አምጡ ብሎናል። ሒሳቡ በፊደል ቁጥር ስለሆነ ሁሉም አጭር ይሁን ይላል፤ ጽሑፉ ባጠረ ቁጥር ግን ጭቅጭቁ ረዘመ። አጎቴ «ዕድሜ ጠገብ እናታችን» ተብሎ ይቀረጽ ባይ ነው። እኔን ቃሉ ጎረበጠኝ። ዕድሜ ጠገብ ሲባል የምሰማው ስለ ገዳም፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ዛፍ ነው። በዚያ ላይ አያቴ «ጠገበ» የምትለው ለወይፈን ነበር። አጥር ጥሶ ከሰው ገብስ ውስጥ የገባ እንደሆነ «ይኼ ጠግቧል፤ ይሸጥ» ትላለች። እኔንም ሳመሽ «ጠገብሽ!» ብላኛለች፤ ያውም ኩበት በጠፈጠፈችበት እጇ እየጠቆመች። አሁን ይህን ቃል ራስጌዋ ላይ ማስቀረጽ ስድቡን መመለስ መሰለኝ።

ሌላው የልደት ዘመኗ ነው። መታወቂያዋ 1917 ይላል። ያረፈችው በ2017 ስለሆነ አጎቴ «መቶ ዓመት ድፍን» ብሎ ዘግቶታል። እርሷ ግን ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነበር፦ «ጣሊያን ሲገባ ወፌ ቆመች ተብሎልኛል፤ ሲወጣ ነፍስ አውቄ ግልገል እጠብቅ ነበር።» ከዚህ ዓመት ማውጣት ይቻላል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ከመጀመሪያው ልጀምር። «ጠገበ» ብቻውን ሲቆም ነው ስድብ የሚሆነው። ወይፈኑ ጠገበ፣ ልጁ ጠገበ፣ ሹሙ ጠገበ ሲባል ምን እንደጠገበ አይነገርም፤ ያልተነገረው ነው ትዕቢት ሆኖ የሚሰማው። የጠገበው ነገር አብሮ ሲጠራ ግን ስድቡ ይጠፋል፦ እንጀራ ጠገበ፣ እንቅልፍ ጠገበ፣ ዕድሜ ጠገበ። «ዕድሜ» ደግሞ በግዕዝ የተወሰነ ጊዜ፣ ቀጠሮ ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜ የጠገበ ሰው ኑሮ የሰለቸው ሳይሆን የተቆረጠለትን ቀን ሞልቶ የተቀበለ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ላይ ስለ አብርሃም፣ በመጽሐፈ ኢዮብ መጨረሻ ቁጥር ላይ ስለ ኢዮብ የተነገረው ይኸው ነው። ለአብርሃም የተባለ ለአያትሽ አያንስም።

የቡራዩ ልጅ፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ለግሱ ይሠራል፤ እኅታችንን የጎረበጣት ግን ግሱ አይደለም። «ዕድሜ ጠግባ ዐረፈች» ቢባል ማንም ቅር አይለውም። «ጠገብ» ተብሎ ቅጽል ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ጋዜጣ ላይ «ዕድሜ ጠገብ» ካየሁ ቀጥሎ የሚመጣው «ይፈርሳል» ወይም «ይታደሳል» ነው። ቃሉ በራሱ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ባልንጀሮቹ አበላሹት። የጠገበችው እርሷ ከሆነች ራሷ ትጥገብ፤ ግሱን መልሱላት።

የሰንዳፋዋ፦
የኔ ሴት አያት ይህን ብትሰማ «ዕድሜ ደግሞ ማን ጠግቦት ያውቃል?» ትል ነበር። ሰማንያ አልፏት ሳለ «ለሞት ደርሰዋል እኮ» ያላት ጎረቤት ቡናውን ሳይጨርስ ነው የወጣው። ስለዚህ ቃሉ የሚያምረው ሌላ ሰው ሲናገረው ነው፤ ባለ ዕድሜው ራሱ አይለውም። ድንጋዩ ላይ የሚናገሩት ልጆቿ ናቸውና ይሁን፣ እኔም ከቡራዩው ጋር ነኝ።

ዓመቱን በተመለከተ ግን «ሲገባ» የምትለዋን ቃል ቆም ብለሽ እይያት። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ የመጣውም ከደሴ በደብረ ብርሃን አድርጎ በእኛ በሰንዳፋ በኩል ነው። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። እናንተ ዘንድ «ገባ» የሚባለው ከተማው የተያዘበት ቀን ይሁን ወይስ ወታደሩ በደጃቸው ያለፈበት፣ የወራት ልዩነት ሊኖረው ይችላል። «ሲወጣ» ግን አያከራክርም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን፣ በ1933 ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ጥሩ ብለሻል። እንግዲህ ሁለቱን አነጋገሮች በመሐል እናስገባቸው። «ወፌ ቆመች» የሚባለው ዳዴ ሲል የነበረ ልጅ እጁን ለቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ነው፤ ሕፃኑ ዓመት ሲሞላው ወይም ጥቂት ቀደም፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ። ስለዚህ ወደ 1927 ይወስደናል። «ነፍስ ማወቅ» ሰፋ ያለ ነው። ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ያየውን አያስታውስም፣ ቢያጠፋም አይቆጠርበትም። በእኛ ዘንድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው፤ ብዙ ሰው ነፍስ ማወቅን ከዚሁ ጋር ያያይዘዋል። ግልገል የሚጠብቅ ልጅም ስድስት፣ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሬ እንጂ ግልገል አይሰጠውም። በ1933 ስድስት ወይም ሰባት ካልናት ሁለቱም አፍ ገጠሙ። አያትሽ ቀን መቁጠሪያ ባይኖራት እንኳ ሒሳቧ ልክ ነው። መታወቂያው እንዳለው በ1917 ብትወለድ ኖሮ ጣሊያን ሲገባ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደግሞ ወፌ ቆመች አይባልላትም።

የሱሉልታዋ፦
አጎቴን ይህ ብቻ አይረታውም። «እናቴ ቀልደኛ ነበረች» ነው የሚለኝ። ሌላ የምትለውም ነበር፦ «ለአቅመ ሔዋን ደርሼ የተዳርኩት ኮሪያ ዘማቹ በወጣ ዓመት ነው።» የሠርጓ ወሬ ከተነሳ ይህችን ሳትል አታልፍም፤ የባሏ ወንድም ዘምቶ ስለነበር ዘፈኑም ልቅሶውም በአንድ ግቢ ነበር ትላለች።

የቡራዩ ልጅ፦
ይህማ ነገሩን ጨረሰው! የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ነው። «አቅመ አዳም» እና «አቅመ ሔዋን» የሚለው አነጋገር የመጣው አዳም የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ ሔዋን የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሆነው ተፈጠሩ ከሚለው የአበው ትምህርት ነው። በ1927 ከተወለደች በ1943 አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልክ ደርሳለች። በመታወቂያው ከሄድን ሃያ ስድስት ይሆናል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቷ የተቀመጠች ሴት «ለአቅመ ሔዋን ደርሼ» አትልም፤ ሰፈሩም ሌላ ስም ያወጣላታል።

ለአጎትሽ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። «መቶ ዓመት» በአማርኛ ሁልጊዜ ቁጥር አይደለም። «ሺ ዓመት ያኑርልን» ያለ ሰው ሺ ቆጥሮ አይደለም፤ ማቱሳላም ቢሆን የደረሰው 969 ድረስ ነው። «መቶ ዓመት ኖረች» ብሎ በለቅሶ ቤት ይናገር፣ ማንም አያርመውም። ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን ቁጥር ቁጥር ነው።

የሱሉልታዋ፦
ይህችን እነግረዋለሁ። አንድ ሌላ ነገር አለ። እኛ የልጅ ልጆች በሙሉ «አንቺ» ነበር የምንላት፣ ስንጠራትም «አኮ»። አያቴ በኦሮምኛ እየቆጣች በአማርኛ የምትመርቅ ሴት ነበረች። ድንጋዩ ላይ «ተወለዱ፣ ዐረፉ» ሲባል ሌላ ሰው መቃብር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።

የሰንዳፋዋ፦
እኔ ብሆን «አኮ»ን አስገባው ነበር። አማርኛ ለሴት አያት ለብቻዋ ስም የለውም፤ «አያት» ካልን በኋላ ሴት ወይስ ወንድ ብለን እንጨምራለን። ኦሮምኛው በሁለት ፊደል ይጨርሰዋል። ለቀራጩም ሒሳብ ደግ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
«አኮ» ይግባ፣ እስማማለሁ። «አንቺ» ግን ከድንጋዩ ይቅር። አንቺ ማለት በቤት ውስጥ ፍቅር ነው፤ በአጥቢያው ደጅ የሚያልፍ ጎረቤት ሲያነበው ግን ልጆቿ ያላከበሯት ይመስለዋል። ድንጋዩን የሚያነበው እናንተን የማያውቅ ሰው ነው። ያንቺን «አንቺ» በቃልሽ በያት።

«ዋርካችን» የሚል ሐሳብ ያመጣ አለ ወይ? ሊመጣ ስለሚችል ነው የምጠይቀው። ሰሞኑን ሽማግሌ ያረፈ እንደሆነ ሁሉ «ዋርካው ወደቀ» ነው። ሱሉልታ ደጋ ነው፤ ዋርካ ምን ሊሠራ ይወጣል? የግድ ዛፍ ካስፈለጋችሁ ጽድ በሉ። እኔ ግን ዛፉን ሁሉ ትቼ «የልጅ ልጅ ልጅ አይተው» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ወግ ማዕረግ አየች የሚባለውም እርሱ ነው።

የሱሉልታዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ከአጎቴ ጋር ተቀምጠን እንዲህ አድርገነዋል፦

«አኮ። በ1927 ተወለዱ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው በ2017 ዐረፉ።»

ከላዩ ሙሉ ስሟ ይገባል። አጎቴ በ1927 የተስማማው ቁጥሩ በግዕዝ እንዲቀረጽ ቃል ካስገባኝ በኋላ ነው።

የቡራዩ ልጅ፦
በግዕዝ ከሆነ ዋጋውን አስቀድማችሁ ቁረጡ። 2017 «፳፻፲፯» ነው፣ አራት ምልክት፤ ያው ነው። 1927 ግን «፲፱፻፳፯» ይሆናል፣ አምስት። አጎትሽ የአንዷን ሒሳብ ይክፈል።

ጡረተኛው መምህር፦
«ዐረፉ» በዓይኑ ዐ መሆኑን ለቀራጩ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፤ በቃል ከነገርሽው በአልፋው አ ይቀርጸዋል።