ለቀይ ቀበሮ የሠራነው ሞዴል ከሁለት የመንገድ መስመሮች አንዱን ሊመርጥልን ይችላል?

ደጋ ካርታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ በወሎ፣ በደላንታ ደጋ ስለሚታሰብ የ14 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ ነው። ሁለት አማራጭ አለ። መስመር «ሀ» ሸንተረሩን ይዞ በጓሳ ሳሩና በአስታው (የደጋ ቁጥቋጦ) መሀል ያልፋል፤ ቁፋሮው አነስተኛ ነው። መስመር «ለ» የእርሻውን ዳር ተከትሎ ዝቅ ይላል፤ 2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ሁለት ተጨማሪ ከልቨርትም (በመንገድ ሥር ውኃ ማሳለፊያ) ይፈልጋል። በአብዛኛው ቦታ የሚራራቁት ከ400 እስከ 600 ሜትር ነው።

በማክስኤንት (እንስሳው ከተገኘባቸው ቦታዎች ተነስቶ ለኑሮው የሚመቸውን የሚገምት ሶፍትዌር) የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ሞዴል ሠርተናል። የገባው 23 የመገኛ ነጥብ (ከፊሉ ጂቢአይኤፍ ከሚባለው የዝርያዎች መገኛ የመረጃ ቋት፣ ከፊሉ ከመስክ)፣ 19ኙም የወርልድክሊም የአየር ንብረት ሌየሮች (የካርታ ንብርብሮች)፣ ከፍታና ተዳፋት ነው። 10,000ውን የማነጻጸሪያ ነጥብ (ከመገኛዎቹ ጋር የሚወዳደር፣ በዘፈቀደ የተወሰደ) ከመላው ወሎ ወሰድን። ኤዩሲው (ሞዴሉ መገኛውን ከማነጻጸሪያው የመለየት ብቃቱ፤ 1 ፍጹም ነው) 0.97 ወጣ። በካርታው ላይ የመኖሪያ ተስማሚነት ነጥቡ (ከ0 እስከ 1) ለ«ሀ» በአማካይ 0.81፣ ለ«ለ» 0.74 ነው። ይህን ይዘን በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ ላይ «ለ» ይሻላል ብለን መጻፍ እንችላለን ወይ?

ጅብራ፦
በዚህ ካርታ አትችሉም። 0.97ቱ ራሱ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል። ማነጻጸሪያውን ዝቅ ካለው ከቆቦ ሜዳ ጀምራችሁ ስትበትኑት ሞዴሉ የሚማረው ቀይ ቀበሮ ቆላ እንደማይኖር ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ማንም እረኛ ይነግራችኋል። የእናንተ ጥያቄ ደጋው ውስጥ የትኛው ቦታ ይሻላል የሚል ስለሆነ ማነጻጸሪያውን ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው መሬት ወስኑት። ኤዩሲው ይወርዳል። 0.75 ላይ ቢያርፍ እንኳ አሁን ከያዛችሁት ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

የ0.81 እና የ0.74 ልዩነትም ብዙ አያስኬድም። የወርልድክሊም አንድ ፒክስል (የካርታው ትንሿ ካሬ) ጎኑ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ400 ሜትር የሚራራቁ መስመሮች ብዙውን መንገድ አንድ ፒክስል ውስጥ ናቸው። ሌየሩን ወደ 30 ሜትር ብትሸነሽኑትም ያው ቁጥር ይደጋገማል እንጂ አዲስ መረጃ አይመጣም። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው ከፍታው ሳይሆን አይቀርም፤ «ለ» ዝቅ ስለሚል ብቻ ነጥቡ አነሰ።

እንደገና ስትሠሩት መጀመሪያ ነጥቦቹን አሳሱ፤ በአንድ ፒክስል አንድ ነጥብ ይበቃል። ከ23ቱ ምናልባት ግማሹ ብቻ ይቀር ይሆናል፣ አትደንግጡ። ከዚያ የቀሩት ነጥቦች ከመንገድና ከዱካ ያላቸውን ርቀት ለኩ። አብዛኞቹ መንገድ ዳር ከሆኑ ሞዴሉ የተማረው የቀበሮውን ሳይሆን የተመልካቹን መኖሪያ ነው። መፍትሔው ማነጻጸሪያውንም በዚያው አድልዎ መውሰድ ነው፦ በአካባቢው ሌሎች አጥቢዎች የተመዘገቡባቸውን ነጥቦች ማነጻጸሪያ አድርጉ።

19ኙን የአየር ንብረት ሌየር አንድ ላይ መክተት ለ23 ነጥብ በጣም ብዙ ነው። በደጋ ሙቀትና ከፍታ አብረው ነው የሚሄዱት። ጥንድ ጥንዱን አነጻጽሩና ተዛምዷቸው ከ0.7 ካለፈ አንዱን ጣሉ፤ ሦስት ወይም አራት ቢቀር ይበቃል። በምትኩ የጎደለውን ጨምሩ፤ እሱም የመሬት ሽፋን ነው። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል በ10 ሜትር ጥራት ጓሳውን፣ አስታውን፣ እርሻውንና ባሕር ዛፉን ይለይላችኋል። ምስሉን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማይ ሲጠራ ከተነሳው ምረጡ። የበልግ እርሻ ባለበት አገር ግን አንድ ቀን የተነሳ ምስል ብቻውን ያሳስታል፤ ታርሶ ባዶ የሆነውን መሬትና የተጋጠውን ሳር ያምታታል። ሁለት ወቅት አጣምሩ።

የማክስኤንት ቅንብሩን ቀጥተኛና ካሬ ግንኙነት ብቻ አድርጉት፤ መቆጣጠሪያ ቁጥሩን (ሞዴሉ ነጥቦቹን ከመጠን በላይ እንዳይከተል የሚገታውን) ከ1 ወደ 2 ወይም 3 ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሙከራውን አንድ አንድ ነጥብ እያወጣችሁ በቀሩት እየተነበያችሁ ሥሩት። ካርታውን «ይኖራል/አይኖርም» ብላችሁ ስትቆርጡ ደግሞ ከነጥቦቹ ዝቅተኛውን ዋጋ ያገኘውን መቁረጫ አድርጉ። እዚህ ላይ ያለበትን የለም ማለት የሌለበትን አለ ከማለት ይከፋል።

ባለ ቶታል ስቴሽን፦
ከሁሉም በፊት ዳተሙን (የካርታ መጋጠሚያ ቁጥሮች የሚለኩበትን መነሻ) አረጋግጡ። የመንገድ ዲዛይኑ የተሠራው በድሮው ዳተም በአዲንዳን ከሆነና የእናንተ ጂፒኤስ በዓለም አቀፉ በደብሊውጂኤስ 84 ከሆነ መስመሩ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ነው የሚቀመጠው። በመስመሮቹ መካከል ያለው 400 ሜትር ነው ብላችኋል፤ ግማሹ ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አብሽሩ፣ የሚስተካከል ነው፦ ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ የዲዛይኑን ፋይል 20137፣ የጂፒኤሱን 32637 በሚሉት የዳተም መለያ ቁጥሮች (ኢፒኤስጂ) ሰይሙ፤ ሁለቱም ዞን 37 ሰሜን ናቸው። ከዚያ ወደ አንዱ ቀይሩ። መሰየምና መቀየር የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ተስተካከለ የሚል ሰው ብዙ ነው። ለማረጋገጥ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ድልድይ ፈልጉና በሳተላይት ምስሉ ላይ ይገጥም እንደሆነ እዩ። የድሮው የ1፡50,000 ካርታም አዲንዳን ነው።

ደጋ ካርታ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የገባኝ ሞዴሉ በ400 ሜትር ልዩነት ሊዳኝ እንደማይችል ነው። ታዲያ ለዚህ ሥራ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሰነዱ ላይ ምን ብለን እናስገባው?

አስታ ሥር፦
ሞዴሉ መስክ የምትወጡበትን ቦታና ካምፕ፣ ካባ (የድንጋይ ማውጫ)፣ ገረጋንቲ ማውጫ የማይገባበትን ቀጠና ይነግራችኋል። ለዚህ የ1 ኪሎ ሜትር ጥራትም ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከሥራው በፊት እንዲያልቅ ነው የሚያዘው፤ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ካርታ ጌጥ ነው።

መስክ ላይ ከሁለቱም መስመር ግራና ቀኝ 500 ሜትር ድረስ ተጓዙ። ሞዴሉ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠውን ብቻ ሳይሆን ዝቅ ያለ የሰጠውንም ጥቂት ቦታ እዩ፣ አለበለዚያ ሞዴሉን ሳትፈትኑት ትመለሳላችሁ። ቀበሮውን ራሱን ማየት ዕድል ይጠይቃል፤ ምግቡን መቁጠር ግን ይቻላል። 5 በ5 ሜትር ካሬ ለኩ፣ የአይጥ ጉድጓዶቹን በአፈር ድፈኑ፣ በነጋታው የተከፈቱትን ቁጠሩ። ይህ ቁጥር ከማክስኤንት ካርታ ይልቅ «ሀ»ን ከ«ለ» ይለያል። የአካባቢውን ሰው ስትጠይቁ ፎቶ አሳዩ፤ ተራው ቀበሮ ከቀዩ ጋር ይቀላቀላል። ግልገል የሚወለደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ልክ ኮንትራክተሩ ደረቅ ወቅት መጣልኝ ብሎ በሚጀምርበት ጊዜ። የዋሻ ጉድጓድ ከተገኘ በእነዚያ ወራት በአቅራቢያው ድማሚት አይፈነዳም።

የ«ሀ» ትልቁ ጉዳት መንገዱ የሚይዘው መሬት አይደለም። መንገዱን ተከትሎ ጓሳው መታረሱ ነው። በኢንቬስት (የመሬት አጠቃቀም ለውጥ መኖሪያውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሰላ ሶፍትዌር) የመኖሪያ ጥራት ሞዴል ለሁለቱም መስመር «ከመንገዱ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ከታረሰ» የሚል ሁኔታ አሂዱ፣ ከዚያ ርቀቱን ወደ 500 ሜትርና ወደ 2 ኪሎ ሜትር ለውጣችሁ ድገሙት። ደረጃቸው ካልተቀያየረ የምትጽፉት ጠንካራ ምክንያት እሱ ነው። ከተቀያየረም እንደዚያው ጻፉ።

በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ዋነኛ ገዳዩም ከውሻ የሚተላለፍ እብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር (ሌላ የውሻ የቫይረስ በሽታ) ነው። ስለዚህ በካምፕ ውሻ አይያዝም፣ የምግብ ትራፊም ይቀበራል። ይህ ግን በአካባቢ አያያዝ እቅዱ ላይ ብቻ ከተጻፈ ማንም አያነበውም። ዋጋ የተተመነለት ሥራ ሆኖ የኮንትራቱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የጓሳውን ሳር ከነሥሩ በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጦ ማንሳት፣ እርጥበቱን ጠብቆ ማስቀመጥና ከክረምት በፊት መልሶ መትከል በካሬ ሜትር ይተመን። የዲቹ (የመንገድ ዳር ቦዩ) ውኃ ሳሩ ላይ እንዲሁ ከተለቀቀ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይቆፍራል፤ መውጫው በድንጋይ ይነጠፍ፣ እሱም ይተመን። ትርፍ አፈሩ የሚጓጓዝበት ርቀትም እንዲሁ፤ ለማጓጓዣው ዋጋ ካልተያዘ ከዳገቱ ቁልቁል ይገፋል፣ ልታድኑት ያሰባችሁት መሬትም ከሥሩ ይቀበራል።