ማኅበሩ ለእንቁጣጣሹ ድግስ ስሙን ይስጥ ወይስ አይስጥ?

ጉዳዩ ይህ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለው ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ "ሊትል ኢትዮጵያ" ተብሎ ተሰይሟል። ወጣቶቻችን እዚያ መንገድ ዘግተው እንቁጣጣሽን ማክበር ይፈልጋሉ። ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ቢራና ጠጅ ይኖራል። የተመዘገበ ድርጅት ግን የላቸውም። በካሊፎርኒያ ለእንዲህ ያለ ዝግጅት የአንድ ቀን የቢራና የወይን ፈቃድ የሚያወጣው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ስለዚህ ለትርፍ ያልተቋቋመው ማኅበራችን ፈቃዱን በስሙ እንዲያወጣላቸው ጠይቀዋል። ምን ትላላችሁ?

ከአዘጋጆቹ አንዱ፦
አዲስ ድርጅት እናቋቁም ብንል አይ አር ኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) እስኪያጸድቅልን ወራት ይፈጃል። በዓሉ አይጠብቀንም። ፊስካል ስፖንሰርሺፕ፣ ማለትም የተመዘገበ ድርጅት ላልተመዘገበ ቡድን ገንዘብ ተቀብሎ ማስተዳደሩ፣ ደግሞ እዚህ አገር የተለመደ አሠራር ነው። ስፖንሰሩ ብዙውን ጊዜ ከገቢው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያስቀራል። ለማኅበሩም ይጠቅማል። ልጆቻችን እንቁጣጣሽን የሚያውቁት አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ አደባባይ ወጥተን እናክብረው።

የቦርድ አባል፦
ሐሳብህ ይገባኛል፣ ወንድሜ። ግን ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው የኛ ስም ነው። 21 ዓመት ላልሞላው ልጅ ቢራ ቢሸጥ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው። አዳራሹ የተገዛው ታክሲ እየነዱ፣ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠሩ በየወሩ ባዋጡ ሰዎች ገንዘብ ነው። እሱን ለአንድ ቀን ጭፈራ አላስይዝም።

የሒሳብ ባለሙያ፦
ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አልነካችሁትም። ስም ማበደር ብሎ ነገር የለም። አይ አር ኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ውሳኔ 501 ሲ 3 የሆነ፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይህ ደረጃ ለሌለው ቡድን ገንዘብ መስጠት ይችላል። ግን ገንዘቡን ራሱ መቆጣጠር፣ ለተቋቋመበት ዓላማ መዋሉንም በሰነድ ማሳየት አለበት። ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም ብሎ ማሳለፍ አይፈቀድም።

መጠጡ ላይ ደግሞ ሕጉ ይጠነክራል። ከመጠጥ ሽያጩ የሚገኘው ትርፍ በቀጥታ ወደ ባለፈቃዱ ድርጅት መግባት አለበት። ስለዚህ ልጄ፣ "10 በመቶ ለናንተ፣ የቀረው ለኛ" የሚለው ስሌት ለቢራው አይሠራም። በለጋሾች ገንዘብ ላይ መነጋገር እንችላለን።

እኔ ይደረግ ባይ ነኝ። ግን ድግሱ የእውነት የማኅበሩ ይሁን። ቢራው ጋ ካሽ አይነካ። ኩፖን ይሸጥ፤ የሚሸጡትም የማኅበሩ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ማታውኑ ይቆጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ በነጋታው ባንክ ይግባ።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
እኛንስ ማን ያስብልን? ዓመቱን ሙሉ ኪራይና የመጠጥ ፈቃድ እንከፍላለን። ገበያ በሚደራበት ቀን በራችን ላይ ድንኳን ተክላችሁ ቢራ ልትሸጡ ነው።
ጠጁንም አስቡበት። ቤት የተጣለ ጠጅ አይሸጥም። የፌዴራል ሕግ ለቤት መጠጫ በዓመት 100 ጋሎን ይፈቅዳል፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት አዋቂ ካለ 200። ለሽያጭ ግን አንድ ብርሌም አይፈቅድም። ፈቃድ ካለው አምራች መገዛት አለበት።

አንዲት እናት፦
ማኅበሩ የሁላችንም ነው። የማይጠጡም፣ ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸውም ያዋጡበታል። ያለ መጠጥ በዓል አይከበርም ያለው ማነው?

ከአዘጋጆቹ አንዱ፦
እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን መድረኩ፣ ጥበቃው፣ የመንገድ መዝጊያው፣ ኢንሹራንሱ ከምን ይከፈላል? የቢራው ትርፍ ወደ ማኅበሩ ቢገባም፣ ወጪውን ማኅበሩ ከዚያው ሊሸፍን ይችላል። መጠጡ በታጠረ ቦታ ይሁን፤ በር ላይ መታወቂያ ይታይ። የቤት ጠጁን ትተነዋል። ምግቡን ደግሞ የሰፈሩ ምግብ ቤቶች ብቻ ይሽጡ፤ ከውጭ ሻጭ አናስገባም።

የምግብ ቤት ባለቤት፦
ይህ በጽሑፍ ከመጣ እስማማለሁ።

የቦርድ አባል፦
ኢንሹራንሱ አሁንም ያሳስበኛል። የአዳራሹ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ የሚሸጥ መጠጥ ይሸፍናል ብዬ አላምንም። ለዕለቱ ብቻ መጠጥን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይገዛ። የመጠጥ አስተናጋጅነት ሥልጠና የወሰደ ሰውም እስከ መጨረሻው እዚያው መቆም አለበት፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፦
ጥሩ። ውሉን እኔ አረቅቃለሁ፤ የመጠጥ ፈቃዱ ማመልከቻ ወደ ፖሊስ ከመሄዱ በፊት ይፈረም። ሥልጠናውን የሚወስዱትና ኩፖን የሚሸጡት የማኅበሩ አባላት ስም እስከ እሑድ ይላክልኝ። በቂ ሰው ካልተገኘ ግን በዓሉ ያለ መጠጥ ይሁን ብዬ ነው ድምፅ የምሰጠው።