ክርክር፦ የአባላትን ዳታ ከኤክሴል ጋር እናገናኝ ወይስ እንከልክል?

ፒያሳ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ሐዋሳ የቁጠባና ብድር ማህበር ሒሳብ የምትይዙ ብዙ ናችሁና አንድ ነገር እንከራከር። የአባላት መዝገብ ከወረቀት ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት ሰርቨር) እየገባ ነው። ሒሳብ ክፍል ደግሞ ያለ ኤክሴል ውሎ አያድርም። ታዲያ ከክላውዱ በቀጥታ ዳታ የሚስብ አድ-ኢን፣ ማለትም ኤክሴል ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ይፈቀድ? ወይስ ጭራሽ ይከልከል?

እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ክልከላ ሥራውን አያስቀረውም። ወር ሲያልቅ ሪፖርቱ ይፈለጋል። ያኔ አንዱ ሙሉ ሰንጠረዡን አውርዶ በፍላሽ ይዞት ይወጣል፣ ወይ በቴሌግራም ይልከዋል። ስም፣ ስልክ፣ ፋይዳ ቁጥር፣ ቀሪ ብድር፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ እነማን ጋ እንደደረሰ ማን ይከታተላል? በአድ-ኢን ሲሆን ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሳበ ሰርቨሩ ላይ መመዝገብ ይቻላል።

አቶቴ፦ ወንድሜ፣ እኔ ይከልከል እላለሁ። በወረቀት ላይ የምትለው ያምራል። መሬት ላይ የሚሠራው ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ግንኙነቱ የሚዘረጋው አንድ የዳታቤዝ ፓስወርድ ለሁሉም ተሰጥቶ ነው። ኤክሴል ላይ «ፓስወርዱን አስቀምጥ» የሚለው ይነካል፣ በቃ። ኤክሴል ራሱ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ፋይሉ ውስጥ እንደሚቀመጥ ያስጠነቅቃል፤ ማን ያነበዋል?

ያላመነ ይሞክረው። የኤክሴል ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ቅጥያውን (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ወደ ዚፕ ለውጣችሁ ክፈቱት። ውስጡ «ኮኔክሽንስ» የሚል ፋይል አለ። በኖትፓድ ስትከፍቱት የሰርቨሩ አድራሻ፣ የተጠቃሚው ስም፣ ፓስወርዱ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሺቱን መደበቅ ወይም መቆለፍ ይህን አያስቀርም። ሪፖርቱን በኢሜይል ላክሁ ያለ ሰው የመዝገቡን ቁልፍ አብሮ ልኳል። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅስ? የጋራ ፓስወርድ ስለሆነ ማንም አይቀይረውም። ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ አለ፣ መዝገቡም እንደተከፈተለት ይኖራል።

ታቦር፦ አይቲ ነኝ። አቶቴ ያልከው እውነት ነው፤ ግን የተሳሳተ አሠራርን ነው የከሰስከው። መፍትሔው ፓስወርድ ፋይሉ ውስጥ ጭራሽ አለመግባቱ ነው።

ዘመናዊ የኤክሴል አድ-ኢን ኤክሴል ውስጥ የሚከፈት ድረ ገጽ ነው። ኮዱ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ እዚያ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ ፈልጎ ለሚያየው ሰው አይደበቅም። ስለዚህ መሐል ላይ ሰርቨር ይቀመጣል። የዳታቤዙን ፓስወርድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ዳታቤዙም ለኢንተርኔት ክፍት አይሆንም። ሠራተኛው በራሱ አካውንት ይገባል፣ ቶከን (ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ) ይሰጠዋል፤ ቶከኑ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲሞላው ጊዜው ያልፍበታል። ሰውየው ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ አለቀ። ላፕቶፑ ላይ ያለው አድ-ኢን ከዚያ በኋላ አዲስ ዳታ አያመጣለትም።

ሌላው፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድ። ሪፖርት ለሚሠራ ሰው የብድር ቁጥር፣ ቀሪና የመክፈያ ቀን ብቻ የሚያሳይ ቪው (ከዳታቤዙ ተመርጦ የሚታይ ክፍል) ይበቃዋል። ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ ከሆናችሁ ማን የትኛውን ረድፍ እንደሚያይ የሚወስን የረድፍ ደረጃ ፈቃድ ስላለ የአንዱ ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሌላውን እንዳያይ ማድረግ ይቻላል።

መናኸሪያ፦ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታቦር ያልነካው ነገር አለ። ቁጥሩ አንዴ ሴሉ ውስጥ ከገባ ቶከኑ ቢያልፍስ ምን ይጠቅማል? ፋይሉ እጄ ላይ ነው። ሴቭ አድርጌ ለፈለግሁት እልካለሁ። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ምን ይሳብ የሚለው ነው። ለወር መዝጊያ የእያንዳንዱ አባል ዝርዝር አያስፈልገኝም። የቁጠባ ድምር፣ የተሰጠ ብድር፣ የዘገየ ብድር፣ ምን ያህል ጊዜ እንደዘገየ ጭምር፣ ይበቃኛል። ስም የማየው ክፍያ ለዘገየበት ሰው ስንደውል ነው። ያንን ደግሞ ሲስተሙ ላይ ገብቼ አየዋለሁ፣ ኤክሴል ላይ መምጣት የለበትም።

ሐይቅ ዳር፦ ልጆች፣ እኔ ቆጣቢ ነኝ፣ ባለሙያ አይደለሁም። ለእህቴ ልጅ ዋስ ሆኛለሁ። ይህን የሚያውቁት ቤተሰብና ማህበሩ ብቻ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ስለዚህ አድ-ኢን የምትሉት ነገር ማን ጠየቀኝ?

ታቦር፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ ለታወቀ ዓላማ ብቻ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲያዝ ያዛል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዋስ ስም ለወር ሪፖርት አያስፈልግም፣ ስለዚህ መሳብ የለበትም። መናኸሪያ ያለችው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

አቶቴ፦ እሺ፣ ግን ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? የእኛ ትንንሽ ማህበራት አይቲ የሚጠሩት ኮምፒውተር ሲበላሽ ነው። መሐል ሰርቨር ማን ይጠብቃል? ሠራተኛው ሥራ ሲከመርበት ከስቶር (አድ-ኢኖች ከሚወርዱበት ገጽ) ያገኘውን ይጭናል። ጉግል ሺትስ ላይ አንዳንዱ አድ-ኦን (እዚያ አድ-ኢን የሚባለው) «ሁሉንም ሰንጠረዦችህን ማየት፣ ማረም፣ መፍጠርና መሰረዝ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃል። የተከፈተውን ፋይል ብቻ የሚነካ ጠባብ ፈቃድ እያለ ማለት ነው። ሰው «ፍቀድ» ብሎ ያልፋል። የማያውቀው ድርጅት ሁሉንም ሰንጠረዦቹን ማየት ይችላል።

ፒያሳ፦ እዚህ ላይ ተስማማሁ። ሰርቨሩን የሚጠብቅለት ባለሙያ የሌለው ማህበር ቀጥታ ግንኙነት አይዘርጋ። ሲስተሙን የሠራላቸው ሰው መናኸሪያ የዘረዘረችውን ድምር ብቻ የያዘ ወርሃዊ ፋይል ያውጣላቸው። አይቲ ያለው ማህበር ግን ለምን ይከልከል? ማይክሮሶፍት 365 ላይ አስተዳዳሪው ሠራተኞች ከስቶር እንዳይጭኑ ዘግቶ የጸደቀውን ብቻ ማሰራጨት ይችላል። ከልክሎ ፍላሽ ላይ መተው ከዚህ ይከፋል።

አቶቴ፦ ፍላሹም ይከልከል እንጂ! ለማንኛውም «የጸደቀ» ያልከው ላይ ነው የምቆመው። ማን ነው የሚያጸድቀው? ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከሆነ አልስማማም። ምን ምን ዓምድ እንደሚሳብ በጽሑፍ ለቦርዱ ቀርቦ፣ ቦርዱ ፈርሞበት፣ ለጠቅላላ ጉባኤም ቢነገር ያኔ አስብበታለሁ።

ሐይቅ ዳር፦ ለጉባኤው ይነገር። እኔም እመጣለሁ፣ እጠይቃለሁ።