ስም የሚጽፍ የውስጥ ዲቪዲ ራይተር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ብሩክ
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ በዲቪዲ ቀድቼ ለ40 ዘመድ ማደል እፈልጋለሁ። ፍላሽ አይሻልም ወይ እንዳትሉኝ፤ ገጠር ያሉት አክስቶቼ የሚያውቁት ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠውን ማጫወቻ ብቻ ነው። አንድ ጎረቤቴ ከአሮጌ ኮምፒውተሩ የነቀለውን፣ ፊቱ ላይ «ላይትስክራይብ» የሚል ምልክት ያለበትን የውስጥ ዲቪዲ ራይተር (ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም ዲስክ መቅጃ) ሊሸጥልኝ ነው። የሙሽሮቹን ስምና ፎቶ ዲስኩ ላይ ራሱ ይጽፋል አለኝ። እውነት ነው? ልግዛው?

መልስ፦ መኮንን
ጎረቤትህ አልዋሸህም፤ የነገረህ ግን ግማሹን ነው። ላይትስክራይብን የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ በ2004 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። ቪዲዮው ከተቀዳ በኋላ ዲስኩ ተገልብጦ ይገባል፤ ቪዲዮውን የቀዳው ያው የሌዘር ጨረር በላይኛው ገጽ ላይ የተቀባውን ልዩ ቀለም እያጠቆረ ጽሑፉንና ሥዕሉን ያወጣል። በመሃል ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ምልክት አንብቦ ቦታውን ስለሚለይ፣ ከሳምንት በኋላ መልሰህ ብታስገባው ሌላ መስመር ይጨምርልሃል። እኔ ጥገና ቤቴ ውስጥ መጀመሪያ ሳየው የተደነቅሁት በዚህ ነበር። ነገር ግን ያ ቀለም የተቀባበት ዲስክ ከሌለህ አንዲት ፊደል አይጽፍልህም፤ ዲስኩ ደግሞ ዛሬ ቢገኝ እንኳ ከአሮጌ ክምችት የተረፈ ነው። እንደ ተራ ራይተር ቁጠረውና ዋጋውን ተነጋገር።

መልስ፦ ሰላማዊት
ጋሽ መኮንን ባሉት ላይ ልጨምር። ዲስኩ ቢገኝም ሒሳቡን አስላው። ሙሉ ገጽ ሥዕል 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ለ40 ዲስክ ከ13 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ሥዕሉም ባለ ቀለም አይደለም፤ የሙሽራዋ ቀይ አበባ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይደበዝዛል። የምረቃዬን ዲስክ መስኮት ላይ ትቼው ፊቴ ጠፍቷል።

መልስ፦ ዳዊት
ታዲያ ወረቀት ለጥፍበትና ተገላገል።

መልስ፦ መኮንን
ዳዊት ልጄ፣ ይህን ምክር የሰሙ ሰዎች ናቸው ዲስካቸውን ይዘው እኔ ዘንድ የሚመጡት። ወረቀቱ ትንሽ ካጋደለ ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ይስታል፤ ሙጫው ሲሞቅ ደግሞ ይላቀቅና ማጫወቻው ውስጥ ይቀራል። ለዲስክ ተብሎ የተሠራ ማርከር ይበቃል። ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሃል ላይ ተከልሎ ነው የሚገኘው፤ ማርከሩ አይደርስበትም። ሲዲ ቢሆን ኖሮ መረጃው ከላይኛው ቅብ ሥር ስለሆነ እሠጋ ነበር። ፎቶ የግድ ካልክ፣ ገጹ ነጭ የሆነውን ለኢንክጄት (ቀለም እየረጨ ለሚያትም ፕሪንተር) የተዘጋጀ ዲስክ ገዝተህ፣ ዲስክ የሚቀበል ፕሪንተር ያለው ሰው ፈልግ።

ብሩክ
እሺ፣ ጽሑፉ ይቅር። ራይተሩ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሰላማዊት
መጀመሪያ ከኋላው ያለውን መሰኪያ እይ። ሰፊውን ባለ 40 ፒን የአይዲኢ ገመድ የሚፈልግ ከሆነ አዲስ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ መሰኪያውን አታገኝም፤ ቀጭኑ የሳታ መሰኪያ ከሆነ አታስብ። ከዚያ ባዶ ዲስክ ይዘህ ሂድና 4.7 ጊጋባይቱን እስከ ጠርዙ ሞልተህ ቅዳ። መቅዳት የሚጀምረው ከመሃል ስለሆነ የደከመ ጨረር የሚጋለጠው መጨረሻው ላይ ነው። አንድ ዘፈን ቀድቶ «ይሠራል» የሚልህን ሻጭ አትመን። በ16 እጥፍ ፍጥነት የሚቀዳ ቢሆንም በ8 እጥፍ ቅዳ፤ የምታጣው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የስልክ ቪዲዮ ፋይልን እንዳለ አትገልብጥ። የአክስቶችህ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ 2 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ነው፤ ወደ ዲቪዲ ቪዲዮ ቀይረው፣ ሲያልቅም ዲስኩን ፋይናላይዝ አድርገው፤ ማለትም ሌላ ማጫወቻ እንዲያነበው ቅጂውን ዝጋው።

ብሩክ
ሳታ ነው። ሙሉ ዲስክ ቀድቼ በእናቴ ማጫወቻ ሞከርኩት፤ እስከ ኬክ ቆረሳው ድረስ ሳይቆራረጥ ታየ። ጎረቤቴም ለጽሑፉ ብሎ የጨመረውን ዋጋ ቀንሷል። 40ውን ስም ታናሽ እህቴ ትጽፋለች፤ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ይሻላል።